የሐረናዋ እንቁራሪትና የወፍ ዋሻ ጅረቶች

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘችው በዓይኔ አይቻት የማላውቅ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ናት። የምትኖረው ከእኛ ከሰሜን ሸዋ እጅግ ርቃ፣ በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ተዳፋት ላይ በተንጣለለው በሐረና ደን ውስጥ፣ በቀርከሃና በአስታ መካከል በሚወርዱ ቀዝቃዛ ጅረቶች ዳር ነው። ማልኮም ላርገን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ ብሎ ለሳይንስ አስተዋወቃት። አድጋ እንኳ ሦስት ሴንቲ ሜትር አትሞላም። ኤሪካባትራኩስ በተባለው ወገን ውስጥ የምትታወቀው እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ የጠፋች ዕለት ወገኑ በሙሉ አብሯት ይጠፋል።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ላይ ያሰፈራት ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ጋር ነው፤ ከዚህ በላይ ያሉት እርከኖች ከዱር የጠፉትና ጨርሰው የጠፉት ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እንቁራሪቶቹ ተቆጥረው ጥቂት ብቻ መቅረታቸው የተረጋገጠ ይመስለዋል። እንዲህ ላለች እንስሳ ግን ምደባው አብዛኛውን ጊዜ በቆጠራ አይሰጥም። የምትገኝበት ክልል ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ፣ ያውም በአንድ ስፍራ ተወስና ያ ስፍራ እየተጎዳ መሄዱ ከታወቀ፣ ወደዚህ እርከን ለመግባት ይበቃታል። እኔን ያሳሰበኝም ያበረታኝም ይኸው ነው፤ በመጨረሻ የሚለካው ደኑና ጅረቱ ከሆነ፣ ደንና ጅረት ደግሞ ማንም ገበሬ አይቶ የሚመሰክርላቸው ነገሮች ናቸውና። በሐረና ደኑ ለእርሻና ለማገዶ ይመነጠራል፣ የጅረቱንም ዳርቻ ከብት ይረግጠዋል።

ይህንኑ እያሰብሁ ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ወዳለው ወደ ወፍ ዋሻ ደን ወረድሁ። ከዝግባዎቹ ሥር የሚወርደውን አንድ ጅረት ተከትዬ ስሄድ ከከብት መሻገሪያው በላይ ውኃው የጠጠሩን መልክ እስኪያሳይ የጠራ ነበር። ከመሻገሪያው በታች ግን ዳርቻው ተንዷል፣ የኮቴው ጉድጓድ ሁሉ ጭቃ አቁሯል፣ እንቁላል ሊጣበቅበት የሚችለውን ድንጋይ ሁሉ ደለል ሸፍኖታል። ጎንበስ ብዬ ድንጋዮቹን ስመለከት አንድ እረኛ፣ «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?» አለኝ። እንቁራሪት እንደምፈልግ ስነግረው አልሳቀም፤ «እዚህ የለችም፣ ከላይ ነው የምትጮኸው» ብሎ በጣቱ አመለከተኝ። ያ ልጅ የተናገረውን በየዓመቱ የሚመዘግብለት ሰው ቢኖር፣ በአገራችን ስለ ጅረት እንስሳት ያለን ዕውቀት ምን ያህል በዳበረ ነበር!

የእኛ አካባቢ ለዚህ ጥናት ባዕድ አይደለም። በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ በነበረው የጣሊያኖች ጣቢያ የቆየው ሐኪም ቪንቼንዞ ራጋዚ ከሸዋ እንስሳት ይሰበስብ ነበር፤ በስሙ የተጠራችውን የዛፍ እንቁራሪትም የእንስሳት ተመራማሪው ቡሌንጀር እ.ኤ.አ. በ1896 ገልጿታል። ከመቶ ዓመት በፊት በባዕድ እጅ የተጀመረውን እኛ፣ የቦታው ልጆች፣ አለመቀጠላችን ያንገበግበኛል።

በዓይን የማይታይ ሌላም አደጋ አለ። የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ በዓለም ላይ በርካታ ዝርያዎችን አጥፍቷል፤ በኢትዮጵያም እንቁራሪቶች ላይ ተገኝቷል። እንቁራሪት ውኃንና ጨውን የምታመጣጥነው በቆዳዋ በመሆኑ፣ ቆዳዋ ሲታመም ልቧ እስከ መቆም ይደርሳል። ስለዚህ ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ሁሉ ጫማውን አጥቦ ማድረቅ ይኖርበታል፤ እኔም ከእንግዲህ እንዲሁ አደርጋለሁ።

ስለ መሻገሪያው ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ለመነጋገር አስቤያለሁ። ከጅረቱ ፈንጠር ብሎ ለከብቶቹ የውኃ ገንዳ ቢሠራና የተናደው ዳርቻ ለሁለት ክረምት ያህል ቢከለል፣ ሣሩ ተመልሶ አፈሩን ይይዘዋል፤ ከብቶቹም የሚጠጡት ውኃ ያልደፈረሰ ይሆናል።