የሐዋሳ ልጆችና 650 ቃል፦ የኮሌጅ ኤሴይ ሳግዝ ያየሁት

ክረምት ላይ ሐዋሳ ውስጥ አሜሪካ አፕላይ የሚያደርጉ ልጆችን ኤሴይ አግዛለሁ። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ክፍያ የለውም፤ ቡናዬን እንኳ ራሴ ነኝ የምከፍለው። እንደኔ የምታግዙ ሌሎችም እንዳላችሁ ስለማውቅ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

ከቦታ ልጀምር። አሞራ ገደል ሞክረን ነበር። ዛፉ ጥላ ነው፣ ሐይቁም ደስ ይላል፤ ጦጣዎቹ ግን ወረቀትም እስክሪብቶም አያስተርፉም። አሁን ቅዳሜ ጠዋት የሚፈቀድልን አንድ ክፍል አለ።

ሥራው ለምን ከባድ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የኛ ልጆች ዩኒቨርሲቲ የሚመደቡት በ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ማጥቆር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ ማነህ? ምን ታስባለህ?» ብሎ ነጥብ የሰጣቸው ሰው የለም። ከዚያ ኮመን አፕ፣ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚቀበሉበት ድረ ገጽ፣ ይከፈትና ከ250 እስከ 650 ቃል ስለራሳችሁ ጻፉ ይላቸዋል። መደንገጣቸው አይገርምም።

የመጀመሪያው ረቂቅ ታዲያ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። መግቢያው «ኤጁኬሽን ኢዝ ዘ ኪ» ይላል። ቀጥሎ ችግር ይመጣል፤ ቤት ኪራይ፣ የመብራት መጥፋት፣ የአባት ሞት፣ የእናት ልፋት። መጨረሻው «አገሬን መለወጥ እፈልጋለሁ» ነው። ልጆቹን ስጠይቃቸው መልሳቸው ግልጽ ነው፦ «ቲቸር፣ ካላዘኑልን አይቀበሉንም።»

እኔ በዚህ አልስማማም። ችግሩ ይነገር፣ ግን ቦታው ሌላ ነው። የቤተሰብ ገቢ በገንዘብ ድጋፍ ፎርሙ ላይ ይሞላል። ብዙ ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ይጠይቃሉ፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳይሬክተሩ ወይም የክፍል ኃላፊው የሚጽፈው ደብዳቤ አለ። ኮመን አፕ ራሱ ስለገጠማቸው ችግርና ሁኔታ ብቻ የሚጠይቅ 250 ቃል የሚፈቅድ ሳጥን አለው። ተጨማሪ መረጃ የሚባለውም አለ፤ በፈረንጆቹ ከ2025 ጀምሮ ወደ 300 ቃል ወርዷል። የኮሌጁ አንባቢ ድህነቱን ከነዚህ ሁሉ አይቶት ኤሴዩ ላይ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ የሚፈልገው ልጁ እንዴት እንደሚያስብ ነው። እዚያም ያንኑ ችግር ካገኘ ልጁን ሳያውቀው ፋይሉን ይዘጋዋል።

ይህን በቃል ማስረዳት ብዙ አይጠቅምም። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ፤ የታሪኩን ባለቤት አስፈቅጃለሁ። እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ረቂቋ ከላይ እስከ ታች ደመወዝ አነሰ፣ ኑሮ ከበደ ነበር። ወረቀቱን ገለበጥኩትና «ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ምን ሠራሽ?» አልኳት። ምግብ አበሰለች፣ ወንድሞቿን አስጠናች፣ «ከዚያ ደብተሩን አስተካከልኩ» አለች። የምን ደብተር? የእናቷና የሥራ ባልደረቦቿ ዕቁብ ደብተር። ጸሐፊዋ እሷ ናት! ማን ከፈለ፣ ማን ዘገየ፣ ዕጣው ለማን ወጣ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው።

ጠየቅኳት፣ ጠየቅኳት። አንዲት የዕቁቡ አባል ልጇ ታሞባት ተራው ሳይደርሳት ገንዘቡን ጠየቀች። ግማሹ ሴት «ሰው ነን» አለ፤ ግማሹ «ዕጣ ዕጣ ነው» አለ። ልጅቷ ዕጣው የወጣላትን ሴት ለብቻ አነጋግራ መቀያየር እንዲቻል አደረገች። ተሳካ። ግን ደብተሩ ላይ ደንብ አድርጋ ልትጽፈው ስትል እጇ ያዛት። ነገ አንዷ የውሸት በሽታ ብታመጣስ? ማን ይፈርዳል? እስከ ዛሬ መልስ የላትም።

ኤሴዩ ይኸው ነበር። ደሞዝ የሚለው ቃል አንዴም አልገባበትም። አንባቢው ግን ኑሮውን ያየዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ፍትሕ የሚያሳስባትን ልጅ ያያል። የአባቷን ሞትና የቤቱን ገቢ በሦስት ዓረፍተ ነገር ሌላኛው ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ወላጅ ሲገባበት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አንድ አባት የልጃቸውን ረቂቅ አስተርጉመው ሰሙና ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። «የቤታችንን ገመና ለፈረንጅ ልታወጣ ነው እንዴ?» አሉኝ። ተናደው ነበር፤ በበኩሌ እውነት አላቸው እላለሁ። ልጅቷ የጻፈችው ስለ አባቷ መጠጥ ነው። ታሪኩ የእሷ ብቻ አይደለም፣ የሳቸውም ነው። እሷም ብትሆን የመረጠችው «ከባድ ነገር ጻፉ» የሚል ቪዲዮ አይታ ነው። ሦስታችን ተቀምጠን አወራን። ሻይ ሲመጣ ድምፃቸው ለሰለሰ። በመጨረሻ ልጅቷ ስለ ሌላ ነገር ጻፈች፤ አባትየውም ምርቃታቸውን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ቀን ላይ «ይህን እናትና አባታችሁ ፊት ታነቡታላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አናነብም ካሉ ግድ የለም፣ መጻፍ ይችላሉ። ግን አስበውበት ይሁን።

አንዳንዱ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ስለራሱ ከመናገር ስለ ባህሉ መጻፍ ይቀለዋል። አንድ ልጅ ስለ ሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ስለ ፊቼ ጫምባላላ ጻፈ። በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ መመዝገቡ፣ የበዓሉ ምግብ ቡርሳሜው፣ ሕፃናት ቤት ለቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ማለታቸው፣ ሁሉም አለ። ልጁ ብቻ የለም። «አንተ በዚያ ቀን የት ነህ?» ስለው ሳቀ። የበዓሉን ቀን አያንቶዎች፣ ከዋክብት የሚያነቡት ሽማግሌዎች፣ ሰማይ አይተው እንደሚወስኑ ታውቃላችሁ። እሱ ደግሞ ሒሳብ ይወዳል። ስልኩ ላይ የከዋክብት መተግበሪያ ጭኖ ቀኑን ቀድሞ ለመገመት ሞክሮ ነበር። አልገጠመለትም። ለምን እንዳልገጠመ ለመረዳት የእናቱን አጎት ሲጨቀጭቅ ከረመ። ይህን ለኔ ሲነግረኝ ዐይኑ ይበራል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንድም መስመር አልነበረም። «ይሄ ቁም ነገር ነው እንዴ ቲቸር?» አለኝ።

ስለዚህ አሁን ወረቀት የምናወጣው ዘግይተን ነው። መጀመሪያ ያወራሉ። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፤ ስልክ ይቀዳል። በአማርኛ ነው የሚያወሩት። ቅጂውን በቴሌግራም ለራሳቸው ይልካሉ፣ ቤት ሄደው ይሰሙታል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ቀልድ እንኳ ሳይቀር አብሮ ይመጣል። የፈተና እንግሊዝኛው፣ «ፈርስትሊ፣ ሰከንድሊ» የሚለው፣ በራሱ ጊዜ ይራገፋል።

የኔ እርሳስ ጥያቄ ብቻ ይጽፋል። «ከዚያስ?» «ምን አለችሽ?» «ይህን እንዴት አወቅህ?» ዓረፍተ ነገር አልሰጥም። ሰዋስው ላይ ስህተቱን አሰምርበታለሁ፣ የሚያርሙት ራሳቸው ናቸው። አዝጋሚ ነው፣ ያደክማል። ግን ከተማው ውስጥ ገንዘብ ተቀብለው ሙሉውን ጽፈው የሚያስረክቡ ሰዎች አሉ፤ ከነሱ የምለይበት መስመር ይኸው ብቻ ነው። ቻትጂፒቲም ያው ነው። ኮመን አፕ የራስ ያልሆነን የኤአይ ጽሑፍ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብን ማጭበርበር ይለዋል። ልጆቹን በዚያ ከማስፈራራት ይልቅ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ያመጡትን ጽሑፍ ገልብጬ «እስቲ በቃልህ ንገረኝ» እላለሁ። የራሱ ከሆነ ከወረቀቱ የተሻለ ይነግረኛል።

የተሳትፎ ዝርዝሩን አትርሱት። አሥር ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ 150 ፊደል ብቻ። ልጆቻችን «ክበብ የለንም» ብለው ባዶ ይተዉታል። የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ እዚያው ውስጥ አለ። ታናናሽ ማሳደግ፣ ሱቅ መጠበቅ፣ ዕቁብ መጻፍ፣ ሁሉም ይገባል።

ጊዜውን በኛ ቀን መቁጠሪያ ማሰር ረድቶናል። ኮመን አፕ በየዓመቱ የሚታደሰው ኦገስት 1 ነው፤ ሐምሌ 25 ማለት ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ለቡሄ ይደርሳል። ሁለተኛው ለእንቁጣጣሽ። ከመስቀል በኋላ ፊደል ከማረም በቀር አንነካውም፤ ቀድመው የሚያመለክቱት ብዙዎቹ ጥቅምት 22 አካባቢ ነው የሚዘጋባቸው። ትምህርት ከተከፈተ ወዲያ ስለ ኤሴይ የሚያስብ ልጅ አይገኝም፤ እኔም የማርመው ፈተና ይቆለላል።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። አንዳንዶቹ ቤት የሚያወሩት ሲዳምኛ ነው። በአማርኛ ሲያወሩ ይቆጠባሉ፣ ታሪኩ ይደርቃል። እርስ በርሳቸው በሲዳምኛ ሲሳሳቁ አያለሁ፤ እኔ ግን «ከዚያስ?» ብዬ የምጠይቅበትን ቦታ አላውቀውም። ለሚመጣው ክረምት ቋንቋውን የሚችል፣ ቅዳሜ ጠዋት መቀመጥ የሚችል አስተማሪ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እየፈለግኩ ነው። ሐዋሳ ያላችሁ፣ የምታውቁት ሰው ካለ ጠቁሙኝ። አዳማ ወይም ሌላ ከተማ ሆናችሁ ከአፋን ኦሮሞ ጋር ይህን የሞከራችሁ ካላችሁም እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ።