ሞገስ ይስጥህ

ዛሬ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ አረጋውያን በምንከባከብበት ሥራ ቦታዬ፣ የልደት ካርድ ሲዞር ነበር። የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚገባው፣ ሲገባ ግን ሁሉም ፊት የሚፈካለት ልጅ። ካርዱ እኔ ጋ ሲደርስ ስም መጻፊያ ቦታ አልቋል። ጀርባው ላይ፣ ከዋጋው ጎን፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ፈረምኩ።

የእኔ ካርድ መጋቢት ላይ ስንት ፊርማ ነበረው? ሰባት። ቆጥሬዋለሁ። ከሰባቱ አንዱ ስሜን አሳስቶ ጽፎታል።

ቅናት እንዳትሉት። እሺ፣ ቅናት ነው። ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም። የሰው ፈረቃ ሸፍኛለሁ። ገና በዓላቸውን እንኳ፣ የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው እያልኩ፣ ስንቴ ሠርቼላቸዋለሁ።

እንዲህ እየተብሰለሰልኩ ነው በሌሊት ፈረቃ ወደምንከባከባቸው ሽማግሌዬ ክፍል የገባሁት። አልተኙም። እሳቸው እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው እንግሊዛዊውን ቦክሰኛ ሄንሪ ኩፐርን ያነሳሉ። ፎቶው ከአልጋቸው ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ከልጆቻቸው ፎቶ ከፍ ብሎ። ታሪኩን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዛሬም እንደ አዲስ ሰማሁ።

1963፣ ዌምብሌይ። መሐመድ አሊ ገና ካሲየስ ክሌይ ነው። አራተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል የኩፐር ግራ ቡጢ መንጋጋው ላይ አረፈች። ክሌይ ገመዱን ተደግፎ ተንሸራተተ፣ ቁጭ አለ። ተነሳ፣ ደወሉም ደረሰለት። በአምስተኛው ዙር የኩፐር ቅንድብ ተተረተረ፤ ደም ዐይኑን ሸፈነው፤ ፍልሚያው ቆመ። ሽማግሌዬ ይህን ሲያወሩ የተሸነፈው ማን እንደሆነ ያምታታችኋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ቀን ኩፐር ያሸነፈ መስሎኝ «እንኳን ደስ አለዎት» ልል ምንም አልቀረኝም።

ሰውዬው የልስን ሠራተኛ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። በ1966 አሊን እንደገና ገጥሞ እንደገና በደም ምክንያት ተሸነፈ። ግን «የእኛ ሄንሪ» ነው። በ2000 ንግሥቲቱ «ሰር» አለችው።

ሌላው ቦክሰኛ ጆ ባግነር ሲባል ግን የሽማግሌዬ ፊት ይጠቁራል። 1971። ኩፐር 36 ዓመቱ፣ ባግነር 21። አሥራ አምስት ዙር ተደባደቡ። ያን ጊዜ እዚህ አገር ነጥብ የሚሰጠው የመሐል ዳኛው ብቻ ነው። ዳኛው ባግነርን በሩብ ነጥብ አሸናፊ አለው። በሩብ! ኩፐር ቦክስ አቆመ፤ ዳኛውን ለረጅም ዓመታት አላናገረውም። ሕዝቡ ደግሞ የዳኛውን ጥፋት ለባግነር አሸከመው። ባግነር ከአሊ ጋር ሁለቴ ገጥሞ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ዙር ቆሞ ጨርሷል። ይህን ስንት ሰው አድርጓል? ማንም «የእኛ ጆ» አላለውም። በመጨረሻ ወደ አውስትራሊያ ሄደ።

ባግነር ከሃንጋሪ የሸሸ ቤተሰብ ልጅ ነበር። ከ1956ቱ አመፅ በኋላ በልጅነቱ ነው የመጣው። ይህን ባወቅሁ ቀን «አሃ!» አልኩ። መልሱ ተገኘ። መጤ ነዋ! የሰባቱም ፊርማ ነገር እዚያው ተገለጠልኝ።

ግን አያስኬድም። ፍራንክ ብሩኖ አለ። ወላጆቹ ከካሪቢያን የመጡ፣ ጥቁር፣ ግዙፍ። ይህ አገር እንደ ብሩኖ የወደደው ቦክሰኛ ይኖር ይሆን? በ1987 ብሩኖና ባግነር ሲገጥሙ ሕዝቡ የማን ወገን እንደነበር አትጠይቁኝ። ብሩኖ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሦስቴ ሞክሮ ሦስቴም ተሸነፈ፤ በዊዘርስፑን፣ በታይሰን፣ በሌኖክስ ሉዊስ። በ1995 በአራተኛው ቀናው፣ አለቀሰ፣ አብረውት አለቀሱ። ገና ሲደርስ የልጆች ቲያትር ላይ ይሠራ፣ በራሱ ይስቅ ነበር። ሳቁ ብቻውን አንድ የሻምፒዮን ቀበቶ ያወጣል።

ሉዊስስ? ለንደን ተወለደ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ካናዳ ሄደ፣ የኦሊምፒክ ወርቁን ለካናዳ ወሰደ፣ ተመለሰ። አነጋገሩ የካናዳ ነው። ቼዝ ይጫወታል። ተረጋግቶ፣ ርቀቱን ጠብቆ፣ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይዋጋል። በ1999 ሆሊፊልድን አሸንፎ ቀበቶዎቹን ሁሉ ጠቀለለ፤ እንግሊዝ በከባድ ሚዛን እንዲህ ያለ ሰው ካየች መቶ ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። በ2002 ታይሰንን በዝረራ ጣለው። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጨበጨበ፣ በቃ። በ1993 ካርዲፍ ላይ ብሩኖን ሲገጥም እንኳ በገዛ አገሩ እንግዳው እሱ ነበር።

አርፍዶ የማያውቅ ሰው ማለት ሉዊስ ነው። (አዎ፣ ራሴን ከሌኖክስ ሉዊስ ጋር እያነጻጸርኩ ነው። ሌሊት ነው፣ ተዉኝ።)

ታዲያ ተሸናፊ ነው የሚወደደው? እሱም አያስኬድም። ኦድሊ ሃሪሰን በሲድኒ ኦሊምፒክ ወርቅ አምጥቶ፣ ከዚያ ሲሸነፍ መሳቂያ አደረጉት። ብዙ አውርቶ ነበር መሰለኝ። ወድቆ መወደድ የሚፈልግ ሰው ሳይወድቅ በፊት አፉን መጠበቅ አለበት ማለት ነው? ታይሰን ፊዩሪ ደግሞ ያን ሁሉ ክፉ ንግግር ተናግሮ፣ ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ ስንቱ አልወደደውም፤ ስለ ድብርቱ ተናግሮ፣ ያን ሁሉ ኪሎ ቀንሶ ሲመለስ ግን እቅፍ አደረጉት። በ2018 በመጨረሻው ዙር አሜሪካዊው ዋይልደር ዘርሮት ከሞት እንደተነሳ ሰው ብድግ ሲል እኔ ራሴ ሶፋ ላይ ቆሜ ነበር።

ሪኪ ሃተን ግን ከሁሉም ይለይብኛል። የማንችስተር ልጅ። ፍልሚያ ከሌለው ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይወፍራል። «ሪኪ ፋትን» አሉት፣ ወፍራሙ ሪኪ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የወፍራም ሰው ልብስ ለብሶ ወደ ሪንግ ገባ። በ2007 ከሜይዌዘር ጋር ሲገጥም በአሥር ሺዎች ሆነው ላስቬጋስ ድረስ ተከተሉት፤ ብዙዎቹ ትኬት እንኳ የላቸውም። በአሥረኛው ዙር ተዘረረ። እነሱ መዝፈናቸውን አላቆሙም። በ2025 መስከረም ላይ በ46 ዓመቱ ሲሞት አገሩ መንገድ ላይ ወጥቶ ሸኘው። እሱም ስለ ድብርቱ ደጋግሞ ተናግሮ ነበር። ያ ሁሉ ዘፈን ቤቱ ሲገባ፣ በሩን ሲዘጋ፣ ይሰማው ነበር?

ብሩኖም በ2003 ሆስፒታል ሲገባ አንድ ጋዜጣ በሕመሙ የሚያላግጥ ርዕስ አወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ርዕሱ በዚያው ሌሊት ተቀየረ። ለሉዊስ ሲባል ርዕስ የሚያስቀይር ሰው ይኖር ነበር? ሉዊስ ግን እንዲህ ያለ ርዕስ አልወጣበትም። ሻምፒዮን ሆኖ፣ በጤናው፣ በራሱ ሰዓት ወጣ። የትኛውን ትመርጣላችሁ? እኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱንም እመርጣለሁ።

እኛም እኮ እንዲሁ ነን። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን አሸነፈ። ከሙኒክም ነሐስ አመጣ። ግን ማራቶን ሲባል አፋችን ላይ የሚመጣው አበበ ነው። አበበ ደግሞ ተሸናፊ አይደለም፣ የሚያስቅ ቀልድም አልነበረውም። እና የእኔ የሽንፈት ፍልስፍና ሮም ላይ፣ በባዶ እግሩ ተረገጠ።

እናቴ ለዚህ ቃል አላት። ሞገስ። ታናሽ ወንድሜን ስትመርቅ «በገባህበት በወጣህበት ሞገስ ይስጥህ» ትላለች። ልጁም ተሰጥቶታል፤ ብድር ሳይመልስ ብድር የሚያገኝ ሰው ነው። እኔን ቦሌ ስትሸኘኝ ግን ምን ነበር ያለችው? «ጤና ይስጥህ፣ ሥራህን ይባርክልህ።» ሁለቱም ደርሶልኛል። ታምሜ አላውቅም፣ ሥራም አጥቼ አላውቅም። ሞገስ የምትለውን ግን ብዙ አስቤ አጣኋት። ረስታ ነው? ወይስ ስታየኝ ለዚህስ ጤናው ይበቃዋል ብላ ነው?

አዲስ አበባ አሁን ሊነጋጋ ነው። ለኪዳን ተነስታ ነጠላዋን እየፈለገች ይሆናል። ብደውል ታነሳለች። ታዲያ ምን ልበላት? «እማዬ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ቦሌ ላይ አንድ ቃል ዘለልሽ» ልበላት? የአርባ ሁለት ዓመት ሰውዬ።