የእነሱ ስታርተር ይበልጣል ወይስ የእኛ?

በፈረንጆቹ 2019 ዋሽንግተን ናሽናልስና ሂዩስተን አስትሮስ ለአሜሪካ ቤዝቦል የመጨረሻ ዋንጫ፣ ለወርልድ ሲሪዝ ሲገናኙ እኔና ያጎቴ ልጅ ጎራ ለየን። እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ እሱ ሂዩስተን። ቴክሳስ ከገባ ጀምሮ የአስትሮስ ነገር አይሆንለትም። አስትሮስ ያንኪስን ጥሎ ካለፈበት ምሽት ጀምሮ በስልክ የምናወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ የማን ስታርተር ይበልጣል?

እግር ኳስ ብቻ ለሚያይ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ስታርተር ማለት ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር፣ ኳስ ወርዋሪው ነው። አንድ ቀን ከወረወረ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀን ያርፋል። በመደበኛው ውድድር አምስት ያህል ሰዎች ተራ ይገባሉ። ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ ሲመጣ ግን አሰልጣኙ ምርጥ ሦስት አራቱን ይዞ ነው የሚዘልቀው። ደጋፊውም ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲሟገት ያመሻል።

ያጎቴ ልጅ ቀድሞ ተኮሰ። "ስማ፣ የእኛ ኮል 20 አሸንፎ የተሸነፈው 5 ነው። ቨርላንደር 21 ለ6። የእናንተ ሸርዘር ስንት ነው? 11 ለ7! ታዲያ ምን ያከራክረናል?"

ደብተር አወጣሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ የማሸነፍና የመሸነፍ ቁጥር መሰረዝ ነው። አንድ ፒቸር ግሩም ወርውሮ ጓደኞቹ መምታት ካቃታቸው ሽንፈቱ በስሙ ይጻፋል። ሌላው አምስት ራን (ነጥብ) ተቆጥሮበትም ቡድኑ ስምንት ካመጣለት ድሉን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። አስትሮስ ያን ዓመት 107 ጨዋታ ያሸነፈ፣ መቺዎቹ የሚያስፈሩ ቡድን ነበር። እንዲህ ያሉ መቺዎች ያሉት ፒቸር 20 ቢያሸንፍ ምን ይገርማል?

ቀጥዬ ኢአርኤ ጻፍኩ። ፒቸሩ በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ ስንት ራን እንደሚቆጠርበት የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ በጓደኞቹ ስህተት የመጣው ሳይታሰብ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። በእነሱ በኩል ጌሪት ኮል 2.50፣ ጀስቲን ቨርላንደር 2.58፣ ዛክ ግሪንኪ 2.93። በእኛ በኩል ማክስ ሸርዘር 2.92፣ ፓትሪክ ኮርቢን 3.25፣ ስቲቨን ስትራስበርግ 3.32፣ አኒባል ሳንቼዝ 3.85። ስትራይክአውት፣ ማለትም ፒቸሩ በውርወራው ብቻ ከጨዋታ ያስወጣቸው መቺዎች ብዛት ሲጨመርበት ጭራሽ ባሰ፦ ኮል 326፣ ቨርላንደር 300። የአንድ ቡድን ሁለት ፒቸሮች በአንድ ዓመት 300 ሲሞሉ ከ2002ቱ ራንዲ ጆንሰንና ከርት ሺሊንግ ወዲህ አልታየም። እዚህ ላይ ብናቆም ያጎቴ ልጅ ረትቶኛል።

ለእሱ የሚያግዝ ሌላ ነገርም እኔው አገኘሁ። ያኔ እኛ ባለንበት በናሽናል ሊግ ፒቸሮችም ተራ ደርሷቸው ይመቱ ነበር። ፒቸር ደግሞ መምታት ላይ አይሆንለትም። ስለዚህ የእኛ ሰዎች መቺዎቹ በዞሩ ቁጥር አንድ ቀላል ሰው ያገኙ ነበር። እነሱ ባሉበት በአሜሪካን ሊግ ግን በፒቸሩ ፋንታ የሚመታ ሌላ ሰው ነበር። እንግዲህ የኮልና የሸርዘር ልዩነት ወረቀቱ ላይ ከሚታየውም ይሰፋል ማለት ነው። ይህን አልነገርኩትም። ደጋፊ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም።

ታዲያ ተስፋዬን ምን ላይ ጣልኩ? ካላንደሩ ላይ። ናሽናልስ ካርዲናልስን በጨዋታ ብዛት 4 ለ0 ሙልጭ አድርጎ ያሰናበተው ኦክቶበር 15 ነው። ወርልድ ሲሪዝ የሚጀመረው ኦክቶበር 22። አራቱም ስታርተሮቻችን በደንብ አርፈዋል። አስትሮስ ግን እስከ ኦክቶበር 19 ከያንኪስ ጋር ሲታገል ነበር። በዚያ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ መደበኛ ስታርተር አላሰለፈም፤ ከቡልፔን፣ ከተቀያሪ ፒቸሮቹ፣ ሰው በሰው እየቀያየረ ነው የተወጣው። ከሦስቱ ኮከቦች በኋላ የሚያምኑት አራተኛ ሰው እንደሌላቸው ከዚህ ገባኝ። ስሞቹን በዝና መደርደር ትቼ በጨዋታ ቁጥር ደረደርኳቸው። ጨዋታ 1፣ ኮል ከሸርዘር። ጨዋታ 2፣ ቨርላንደር ከስትራስበርግ። ጨዋታ 3፣ ግሪንኪ ከሳንቼዝ። ጨዋታ 4፣ በእኛ ኮርቢን፣ በእነሱ የጥያቄ ምልክት።

አንድ መደብ ደግሞ ጨመርኩ፦ "በመሃል ቀን ገብቶ ሊረዳ ይችላል ወይ?" የናሽናልስ ቡልፔን ያን ዓመት መላቅጡ የጠፋ ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ስለዚህ ስታርተሮቹን እንደ ረዳት መጠቀም ጀመረ። ከብሩወርስ ጋር በነበረው የሞት ሽረት ጨዋታ ስትራስበርግ ከሸርዘር በኋላ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ያለ ራን ወርውሯል። ከደብተሬ ውስጥ እስከ ዛሬ የምወደው መደብ ይሄ ነው።

ጨዋታዎቹ የሚጀምሩት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። እሱ ጋ ገና 1 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ የሚያጣው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ምሽት ኮል ሊወረውር ወጣ። ከሜይ ወር ወዲህ ሽንፈት የሚባል አያውቅም። አራተኛው ኢኒንግ ላይ ገና 21 ዓመት ያልሞላው የእኛው መቺ ሁዋን ሶቶ ኳሷን በግራ በኩል ግድግዳው አናት ላይ ያለው የባቡር ሐዲድ ላይ አሳረፋት። 5 ለ4 አሸነፍን። በማግስቱ ቨርላንደር ላይ 12 ለ3። ያጎቴ ልጅ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ከዚያ እኛ ሜዳ መጥተው ሦስቱንም ወሰዱ። ያ የጥያቄ ምልክት ሆሴ ኡርኪዲ የሚባል ጀማሪ ሆኖ ተገኘ። አምስት ኢኒንግ ወረወረ፤ አንድም ራን አልተቆጠረበትም። 8 ለ1። ያን ማታ ያጎቴ ልጅ ደውሎ ምንም አላለኝም፤ ሳቀ ብቻ። አሁን የማላውቀው ስም ሲመጣ ደካማ ነው ብዬ አልጽፍም። እኔ ካላወቅኩት መቺዎቹም ብዙ አላዩትም፤ ያ ደግሞ ለእሱ ጥቅም ነው። አምስተኛው ጨዋታ ላይ ሸርዘር አንገቱ ተያዘና ከአልጋ መነሳት አቃተው። ጆ ሮስ ተተካ፤ ኮል ደግሞ የለመደውን ኮል ሆነ። 7 ለ1።

ስድስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በመጀመሪያው ኢኒንግ ስትራስበርግ ላይ ሁለት ራን ተቆጠረ። የፒቸሮች አሰልጣኙ ጠጋ ብሎ የምትወረውረውን ኳስ ቀድመህ እያሳበቅህ ነው አለው፤ እጁ ጓንቱ ውስጥ ኳሷን ሲይዝ ነገሩ ይታወቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ውርወራ ፊት ጓንቱን እያርገፈገፈ እጁን ደበቀ። እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ድረስ ሌላ ራን አልሰጠም። 7 ለ2። ያን ጓንት የትኛውም ኢአርኤ አያሳይህም። እኔም አሁን ከቁጥሩ በፊት የመጀመሪያውን ኢኒንግ አያለሁ፤ መቺዎቹ ዘና ብለው ኳስ የሚመርጡ ከሆነ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ሰባተኛው ያጎቴን ልጅ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ግሪንኪ ስድስት ኢኒንግ ሙሉ አንድ ሂት (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት) ብቻ ሰጥቶ 2 ለ0 እየመሩ ነበር። መቺ አንድን ፒቸር ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው ኳሱን ይለምደዋል። የእኛው አንቶኒ ሬንዶን በሦስተኛ ተራው ሆም ራን (ዙሩን ጨርሶ ራን የሚያስቆጥር ምት) መታ። ሶቶ በነጻ አንደኛ ቤዝ አለፈ። ግሪንኪ የወረወረው ገና 80 ኳስ ነው፤ አሰልጣኙ ኤጄ ሂንች ግን አወጣው። ዊል ሃሪስ ገባ። የእኛው ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን ምሰሶ ገጭታ ሆም ራን ሆነች፤ 3 ለ2። "ኮል እዚያው ቡልፔን ተቀምጦ!" እያለ ያጎቴ ልጅ ይጮኻል። እኔ እንደሚመስለኝ ግሪንኪን ማውጣቱ ያስኬዳል፤ ኮልን አለማስገባቱ ግን ለእኔም አልተዋጠልኝም። በእኛ በኩል ኮርቢን በመሃል ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ዘጋ። 6 ለ2 አለቀ። በሰባቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፤ "የሜዳ ጥቅም" የሚለውን መደብ ያን ሌሊት ቀደድኩት።

ቨርላንደር ስድስተኛውንም ጨዋታ ተሸንፎ በወርልድ ሲሪዝ 0 ለ6 ሆነ፤ በሊጉ የዓመቱን ምርጥ ፒቸር የሳይ ያንግ ሽልማት የወሰደውም ያው ሰው ነው። የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በ2022 ከፊላደልፊያ ጋር ነው፤ አምስት ኢኒንግ፣ አንድ ራን፣ 3 ለ2። ያጎቴ ልጅ ያን ማታ በእኛ እኩለ ሌሊት ላይ ደወለልኝ። በሌላው ወገን ዋሽንግተን ስላልነበረ እኔም ደስ አለኝ።