የዱቤ ደብተሩን ወደ ሺት ያሻገርኩበት መንገድ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለ የሸቀጣሸቀጥ ሱቅ ነው። ጅምላም ችርቻሮም ይሸጣል። ስኳር፣ ዘይት፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ሱቆች ሒሳባቸውን በራሱ የሚደምር፣ የሚያስታውስና በአንድ ገጽ የሚያሳይ ፋይል እሠራለሁ፤ አንዳንዴ በኤክሴል፣ አንዳንዴ በጉግል ሺትስ፤ ሁለቱም ሒሳብ የሚሠሩ የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ናቸው፣ «ሺት» የምለውም ሠንጠረዡን ነው። ይሄኛው ብዙ ስላስተማረኝ እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት ደብተሩን አነበብኩ። ከዚያ ባለሱቋን «እትዬ፣ ማታ ሲዘጉ ማወቅ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ማን ስንት አለበት፣ ከወሰደ ስንት ጊዜው ነው፣ ነገ ምን ላስመጣ። ሌላው ምን ያደርግልኛል ልጄ?»

ዳሽቦርዱ፣ ማለትም ዋናውን ነገር በአንድ እይታ የሚያሳየው ገጽ፣ በቃ ይሄ ነው። ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ቦታ። ይህን ሥራ የሚጀምሩ ልጆች ብዙ ጊዜ ከግራፍ ይነሳሉ። ባለሱቁ ግራፉን አንዴ አይቶ «ያምራል» ይልና ተመልሶ ደብተሩን ይገልጣል። ስለዚህ ጥያቄውን ከባለቤቱ አፍ ስሙ፣ ከዚያ ሥሩ።

ደብተሩ ላይ ዱቤ የተጻፈው «የአዘዞዋ»፣ «ባለባጃጁ» እየተባለ ነው። እትዬ ሁሉንም በመልክ ለይተው ያውቃሉ፤ ልጃቸው ግን ሱቅ ስትውል የትኛው ባለባጃጅ እንደሆነ አታውቅም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ መለያ ቁጥርና ስልክ ሰጠን። የድሮ ስሙንም ጎኑ ላይ ተውነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚፈለገው በሚጠራበት ስም ነው።

ከሁሉ በላይ ጉልበት የሚበላው ቀን ነው። ኤክሴልም ሺትስም የእኛን አቆጣጠር አያውቁም። ጥር 11 ቀን 2017ን 11/5/2017 ብላችሁ ብትጽፉ ምንም ሳይል ይቀበላል፤ የሚረዳው ግን በፈረንጅ 2017 ነው፣ ስለዚህ ዱቤው ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ይመስላል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብትሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌላት እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ያኔ መደርደርም መቀነስም የለም።

መፍትሔው ሥር ያለውን ቀን የፈረንጅ አድርጎ መተው፣ ሰው የሚያየውን ደግሞ የእኛ ማድረግ ነው። ለኮምፒውተሩ ቀን ማለት ከ1900 ገደማ ጀምሮ የሚቆጠር ተራ ቁጥር ነው። እዚያ ቁጥር ላይ 691163 ደምሩ። ድምሩን ለ1461 አካፍሉ፤ 1461 የአራት ዓመት ቀናት ድምር ነው፣ ሦስቱ 365፣ አንዱ 366። ድርሻውን በ4 አባዙ። ቀሪውን ለ365 አካፍሉና ሙሉ ቁጥሩን ጨምሩበት፤ ዓመተ ምሕረቱ ወጣ። ከዚህኛው ክፍፍል የተረፈውን ለ30 ስታካፍሉ ወርና ቀን ታገኛላችሁ፣ ሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጨምሩ። የመጀመሪያው ቀሪ ልክ 1460 ከሆነ ጳጉሜን 6 ነው፤ እሱን በኢፍ (IF፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» በሚለው ፎርሙላ) ለብቻው ያዙት፣ ዓመቱንም በአንድ ቀንሱ።

እንፈትሸው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 በሺቱ ውስጥ 45546 ነው። ሲደመር 736709። ለ1461 ሲካፈል 504፣ ቀሪ 365። 504 በ4 ሲባዛ 2016፤ ቀሪው 365 ለ365 አንድ፤ 2017 ሆነ። የተረፈ የለም፣ ስለዚህ መስከረም 1።

ይህ አንዴ ከተስተካከለ የዱቤ ዕድሜ ቀላል ነው፤ ከዛሬ ቀን ላይ የተወሰደበትን መቀነስ ብቻ። ከ30 ቀን ያለፈው ቢጫ፣ ከ60 ያለፈው ቀይ ይሆናል። እትዬ ቀዩን እያዩ ለማን እንደሚደውሉ ራሳቸው ይመርጣሉ። ይህን ለፎርሙላ አልሰጠሁትም፣ መስጠትም የለብንም፤ ማን ሐዘን ላይ እንዳለ፣ ማን እህል ሲሸጥ እንደሚከፍል ሺቱ አያውቅም።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ፊደል ነው። «ሳሙና» እና «ሣሙና» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ዕቃ ናቸው፤ ክምችቱም ለሁለት ይከፈላል። የዕቃ ስም በእጅ እንዳይጻፍ ከዝርዝር የሚመረጥ አደረግሁት። ከደብተር የተገለበጠውን የቆየ ሒሳብ ለማጽዳት ግን ሠን በሰ መተካት ብቻውን አይበቃም፤ ሡ፣ ሢ፣ ሣ እያላችሁ ሰባቱንም ለየብቻ መተካት አለባችሁ። ሐ እና ኀ፣ ዐ፣ ፀም እንደዚያው። አሰልቺ ነው፣ ግን አንዴ ከተሠራ ለሁሉም ሱቅ ይሆናል።

መለኪያም አትርሱ። ዕቃው የሚገባው በኩንታልና በካርቶን ነው፣ የሚወጣው በኪሎና በፍሬ። ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው፣ ካርቶኑ ግን እንደ ዕቃው ይለያያል፤ ስለዚህ «በውስጡ ስንት አለ» የሚል አምድ ለእያንዳንዱ ዕቃ ያስፈልጋል።

የወር ንጽጽር ላይ ጳጉሜን ለብቻዋ ብትሥሏት ሽያጩ ገደል የገባ ይመስላል፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ናታ። በወር ድምር ፈንታ የቀን አማካይ አሳዩ። ጥርንም ከታኅሣሥ ጋር አታወዳድሩ፤ ጎንደር በጥምቀት እንግዳ ትሞላለች። ጥርን ካለፈው ዓመት ጥር ጋር ነው ማየት። ዐቢይ ጾም ደግሞ በየዓመቱ ቦታውን ይቀይራል፣ 55 ቀን ነው፣ የምስርና የዘይት ሽያጭ የሚለወጠውም ያኔ ስለሆነ «ጾም» የሚል አምድ ጨመርኩ።

የሚመዘግቡት በስልክ ነው። ፋይሉ ያለ ኔትወርክም እንዲከፈት በሺትስ መተግበሪያው ላይ አዘጋጀሁት፤ መስመር ሲመጣ ራሱ ያስተካክላል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ አጭር ስክሪፕት (በሰዓቱ በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ይነሳና በቴሌግራም መልእክት ይልካል፦ «ዛሬ የተሰጠ ዱቤ ይህን ያህል፣ የተመለሰ ይህን ያህል። ከ60 ቀን ያለፉ፦ እነ እገሌ። ሊያልቅ ነው፦ ዘይት 5 ሊትር።» ስክሪፕቱ የሚሠራው በጉግል የራሱ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ስለሆነ ሱቁ መብራት ባይኖረውም ይላካል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ማድረጋችሁን ብቻ አረጋግጡ።

ይህ መልእክት ከዳሽቦርዱ ገጽ በላይ ተወደደ። እትዬ የዳሽቦርዱን ገጽ እምብዛም አይከፍቱትም፤ ቴሌግራሙን ግን ያነቡታል፣ ለልጃቸውም ያነቡላታል። ለእኔ ሥራው የተሳካው እዚህ ጋ ነው፣ ሰውዬው ባለበት ቦታ መልሱ ሲደርሰው።

ስታስረክቡ ፎርሙላ ያለባቸውን ሴሎች (የሠንጠረዡን ሳጥኖች) ቆልፉ፣ የፋይሉን ባለቤትነት በሱቁ ኢሜይል አድርጉ፣ በኋላ ለሚመጣ ማስተካከያ ስንት እንደምታስከፍሉም መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ። ደብተሩን ጣሉት አትበሉ። እነ እትዬ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያዙ፣ ድምሩ በየሳምንቱ እየተመሳከረ፤ አሁን ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ዱቤው ብቻ ነው፣ ያውም ደንበኛው እንዲፈርምበት።