ካሽ ከሆነ ባዶ፣ ቴሌብር ከሆነ ቁጥር፦ የፖስትግሬስ ቼክ ልምምዴ

ሰሞኑን ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የምለማመደው በቅድመ ሁኔታ የሚሠሩ ሕጎችን ነው፤ የምጽፋቸውም በ«ቼክ» ነው፣ ማለትም ዳታቤዙ ራሱ ረድፍ ሲገባ በሚፈትሸው ሕግ። አንዱ ኮለም (ዓምድ) ግዴታ የሚሆነው ሌላው ኮለም የሆነ ነገር ሲይዝ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሕግ አፑ ላይ ብቻ መጻፍ አልወድም። ነገ አንድ ሰው በቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ ረድፍ ቢጨምር ማን ያስቆመዋል?

መለማመጃዬ የአንድ ሱቅ የክፍያ ቴብል (ሠንጠረዥ) ነው። «መንገድ» የሚል ኮለም አለው፤ ካሽ ወይም ቴሌብር ይይዛል። ሌላው «የግብይት ቁጥር» ነው። በቴሌብር ከተከፈለ ቁጥሩ የግድ መኖር አለበት፣ በካሽ ከሆነ ደግሞ ባዶ (በዳታቤዝ ቋንቋ «ናል») ይሁን። ቁጥሩን ዝም ብሎ ኖት ናል (ናል መሆን የማይችል) ማድረግ አያዋጣም፤ ካሽ ከፋዩን ሁሉ ያግዳል።

መጀመሪያ የሚመጣልን አጻጻፍ ይህ ነው፦ «ወይ ካሽ ነው፣ ወይ የቁጥሩ ርዝመት ከ0 ይበልጣል»። ሲያዩት ምንም እንከን አይወጣለትም። ግን መንገዱን ቴሌብር፣ ቁጥሩን ናል አድርጋችሁ አስገቡ። ሰተት ብሎ ይገባል! የናል ርዝመት ናል ነው። ናል ከ0 ይበልጣል ወይ ሲባል መልሱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «አይታወቅም» ነው። ቼክ ደግሞ የሚከለክለው መልሱ ጥርት ያለ ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። ዌር (ረድፎችን መርጠን የምናመጣበት ቅድመ ሁኔታ) ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ እውነት ካልሆነ ረድፉን አያመጣም። አንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዳኛ፤ ይህን ማን እንዳሰበው እንጃ።

ስለዚህ ናልን በግልጽ መጥራት ያስፈልጋል። አሁን የምጽፈው በሁለት ቅርንጫፍ ነው፦ «መንገድ ካሽ ነው እና ቁጥር ናል ነው» ኦር (ወይም) «መንገድ ቴሌብር ነው እና ቁጥር ናል አይደለም እና ርዝመቱ ከ0 ይበልጣል»። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን አንድ ትርፍ አለው። መንገዱ ላይ «ዱቤ» ብሎ የሚጽፍ ቢመጣ ሁለቱም ቅርንጫፎች ሐሰት ስለሚሆኑ አያልፍም። አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል፤ መንገዱ ራሱ ናል ከሆነ መልሱ እንደገና «አይታወቅም» ሆኖ ረድፉ ሊያልፍ ይችላል። እሱን ኖት ናል ማድረግ ግድ ነው።

ለቼኩ ስም ስጡት። ስህተት ሲመጣ መልእክቱ ላይ የሚታየው ያ ስም ነው፤ ፖስትግሬስ በራሱ ከሚያወጣው ስም «ቴሌብር_ቁጥር_ይፈልጋል» የሚለው መቶ ጊዜ ይሻላል።

ቴብሉ ውስጥ ድሮ የገባ የተበላሸ ዳታ ካለ ቼኩ አልጨመርም ይላል። መጀመሪያ «ኖት ቫሊድ» ብላችሁ ጨምሩት። ከዚያ በኋላ የሚገባውንና የሚስተካከለውን ይፈትሻል፣ የቆየውን ለጊዜው ይተወዋል። አሮጌውን አጽድታችሁ ስትጨርሱ «ቫሊዴት ኮንስትሬይንት» ትላላችሁ፤ ያኔ የቆየውንም ይፈትሻል።

ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ሌላ ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ደግሞ ቨርዥናችሁን እዩ። ከ8.0.16 በፊት የነበሩት ቼኩን እሺ ብለው ይቀበሉና ጭራሽ አይሠሩበትም ነበር፤ ስህተት እንኳ አያሳዩም።

ቼክ የሚያየው የራሱን ረድፍ ብቻ ነው። «ለአንድ ትዕዛዝ አንድ የጸና ክፍያ ብቻ» የሚለውን በዌር በተገደበ ዩኒክ ኢንዴክስ (ድግግሞሽን በሚከለክል ኢንዴክስ) ጨርሼዋለሁ። አሁን የያዘኝ «ተመላሽ የሚሆነው ብር ከተከፈለው እንዳይበልጥ» የሚለው ነው። ተመላሾቹ ሌላ ቴብል ላይ ስላሉ ትሪገር (ረድፍ ሲገባ ወይም ሲቀየር በራሱ የሚሠራ ኮድ) ይፈልጋል። ሁለት ተመላሽ በአንድ ጊዜ ቢመጣ ደግሞ ትሪገሩ አንዱን ሳያይ ሌላውን ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ የክፍያውን ረድፍ ቀድሞ መቆለፍ አለበት። እየሞከርኩት ነው።