በአንሶላ የበራ ክፍል

የምሠራበት ክፍል ሲመሽ ዋሻ ይመስለኝ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል መሰለኝና 800 ሉመን (አምፖል በጠቅላላው የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ) የሚሰጠውን አምፖል አውርጄ በ1,600 ተካሁት። ማብሪያውን ስጫን ለአፍታ ደስ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ክፍሉ ተመልሶ ያው ዋሻ ሆነ፤ ትርፌ ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኔን የሚወጋ አምፖል ብቻ ነበር።

እልህ ይዞኝ የብርሃን መለኪያ ተዋስኩ። ጠረጴዛው ላይ በአሮጌው አምፖል 160 ሉክስ (አንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ)፣ በአዲሱ 315 አነበብኩ። መሣሪያው «እጥፍ» ሲል ዓይኔ «ትንሽ» ማለቱ አበሳጨኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ጥፋቱ የዓይኔ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ስቲቨንስ ስሜትና ልኬት እኩል እንደማይራመዱ አሳይቷል፤ በጨለማ ውስጥ የሚታይ የብርሃን ክብ እጥፍ ደምቆ እንዲሰማን ብርሃኑ ስምንት እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ሙሉ ክፍል ከአንድ ክብ የበለጠ የተወሳሰበ ቢሆንም፣ እጥፍ ሉመን ገዝቶ እጥፍ ድምቀት መጠበቅ የዋህነት ነበር።

ዋናው ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔ ፊት ለፊት የሚያየውን አስተዋልኩ፦ ጥቁር ቡናማ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ። ዓይን ጠረጴዛ ላይ የሚወርደውን ብርሃን አያይም፤ የሚያየው ከነገሮች ተመልሶ የሚመጣለትን ነው። ነጭ ቀለም ከወደቀበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ ጥቁር እንጨት አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል። እኔ ለዚያ ከርስ ሉመን ስቀልብ ነበር።

ነጭ አንሶላ አመጣሁና መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ሸፈንኩት። አምፖሉን አልነካሁም። ክፍሉ ወዲያው ሰፋ፤ የኮርኒሱ ማዕዘኖች ሳይቀሩ ብቅ አሉ። የጠረጴዛው ንባብ ግን ከ315 ወደ 325 ብቻ ነበር ያለፈው። መለኪያውን በዓይኔ ቁመት ወደ አንሶላው አዙሬ ስይዘው ነው ቁጥሩ ከ70 ወደ 110 የዘለለው። ከመጀመሪያውም መለካት የነበረብኝ እንዲህ ነበር።

በአንሶላ መኖር ስለማይቻል መደርደሪያውን ከጀርባዬ ወዳለው ግድግዳ አዛወርኩ፤ መጻሕፍቱን ማውረድና መመለስ ብቻ አንድ ቀን ፈጀ። ዓይን የሚወጋውንም አምፖል አነሳሁት። እርቃኑን የሚታይ አምፖል ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ተበትኖ በሌላው ምስል ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ይዘረጋል፣ የቀረውንም ያደበዝዛል። በምትኩ ሁለት ባለ 800 ሉመን መብራቶችን፣ አንዱን ወደ ነጩ ግድግዳ፣ ሌላውን ወደ ኮርኒሱ አዞርኩ። ድምሩ ያው 1,600 ነው። ጠረጴዛው ላይ ንባቡ ወደ 180 ወረደ፤ እህቴ ግን በሩን ከፍታ «ምን ያህል ትልቅ አምፖል ብትገዛ ነው?» አለችኝ።

እርግጥ 180 ሉክስ ለደቃቅ ፊደል አይበቃም። ለእሱ ትንሽ የጠረጴዛ መብራት አስቀምጫለሁ፤ የማበራውም ሳነብ ብቻ ነው።