ካንትን ማንበብ ከጀመርኩ 5ኛ ወር፣ ገልብጬ የተረዳሁት ነገር

ሰላም ናችሁ፣ ፍልስፍና ለብቻዬ ማንበብ ጀምሬያለሁ ብያችሁ ነበር አይደል። መጀመሪያ ከሶቅራጥስ ተነስቼ ሁሉንም በቅደም ተከተል ላንብብ ብዬ ነበር፣ ስሞቹ እየተደባለቁብኝ ተውኩት። አሁን የያዝኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ፍልስፍና ከክላስ ውጪ ለሕዝብ ጉዳይ ምን ይሠራል የሚል፣ ለዚህም ብዬ ወሩን ሙሉ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1784 አብርሆት (ሰው በራሱ አእምሮ ለማሰብ መድፈሩ) ምንድነው ብሎ በጻፋት ጽሑፍ ላይ ቆየሁ። አጭር ናት ግን 4 ጊዜ አነበብኳት።

እዛ ላይ የአእምሮን አጠቃቀም ሕዝባዊ እና ግላዊ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። እኔ ግላዊ ሲል ቤቴ ቁጭ ብዬ ለራሴ የማስበው፣ ሕዝባዊ ሲል ደግሞ ባለሥልጣን በሥራው ላይ የሚናገረው መስሎኝ ሁለት ሳምንት በዚሁ ሄድኩ። ለካ ግላዊ የሚለው ሰው በተሰጠው የሥራ ቦታ ላይ ሆኖ የሚጠቀምበትን ነው፣ ሕዝባዊ የሚለው ደግሞ እንደ ምሁር ለአንባቢ ሁሉ ሲጽፍ የሚጠቀምበትን! የጦር መኮንን ትእዛዝ ሲደርሰው እዛው ቆሞ ልከራከር ማለት አይችልም፣ እንደ ምሁር ሆኖ ግን ስለ ጦሩ ጉድለት ለአንባቢ ሁሉ መጻፍ ይችላል። ዜጋም ግብሩን ይከፍላል፣ ግብሩ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ በአደባባይ መጻፍን ግን ማንም ሊከለክለው አይገባም ነው የሚለው።

ይሄ የገባኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም እኔ ለዓመታት ሠራተኛ ነኝና አይመለከተኝም እያልኩ ዝም ያልኩባቸው ስብሰባዎች አሉ። አሁን ከመናገሬ በፊት ሀሳቤን ጨርሶ ለማያውቀኝ ሰው እንደምጽፍ አድርጌ ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ፣ ቦታዬንም ሆነ ወገኔን ሳልጠራ የሚቆም ምክንያት ከሌለኝ እንደገና አስበዋለሁ። እስካሁን 3 ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አንዱ ላይ ስጽፈው ምክንያቴ ባዶ ሆኖ ስላገኘሁት አቋሜን ቀይሬ ነው የገባሁት።

ካንት ስለ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጽፏል። በሱ ዘመን ሥነ መለኮት፣ ሕግና ሕክምና የላይኞቹ ፋኩልቲዎች ሲሆኑ ፍልስፍና የታችኛው ነበር፣ እሱ ግን የላይኞቹ የሚያስተምሩትን መንግሥት ስለሚቆጣጠረው እውነቱን በነፃነት የሚመረምር አንድ ፋኩልቲ የግድ መኖር አለበት ይላል። ፍልስፍና ሥራ አያስገኝም ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ብቻ ምርመራው ለአንድ ዲፓርትመንት መተዉ አይዋጥልኝም፣ ሐኪሙና መሐንዲሱም ይሄን ሳይለማመድ መመረቅ የለበትም ባይ ነኝ።

አንድ ያልፈታሁት ነገር ግን አለ። አስተማሪ ክላስ ውስጥ ሲያስተምር በሥራ ቦታው ላይ ስለሆነ በካንት አከፋፈል ግላዊ ሊባል ነው፣ ታዲያ ተማሪው በነፃነት መከራከርን ከማን ነው የሚማረው? ያነበባችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተረዳችሁት ንገሩኝ እስቲ።